የታደሰውን መርምሮ የመቀበል ልማድ ታሪክ

በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ፣ በግምጃ ቤት ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የወሩን ሪፖርት፣ ይኸውም ስንት ሕፃናት እንደ ተከተቡ፣ ስንት እናቶች በጤና ጣቢያ እንደ ወለዱ፣ ስንት ሰውም በወባ እንደ ታመመ፣ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ቁጥር በቁጥር ሲያስገባ፣ በእጁ ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ይመስላል፤ የመሣሪያውም ስም ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። ነገር ግን ያ ቁጥር በዞኑ፣ በክልሉና በጤና ሚኒስቴር ዘንድ ተደምሮ እስኪታይ ድረስ የሚሸከመው ኮድ በአንድ ቤት የተጻፈ አይደለም፤ ቀኑን የሚቈጥረው ላይብረሪ ከአንዱ አገር፣ የሰርቨሩን ውሎ የሚመዘግበው ከሌላው፣ ሠንጠረዡን የሚሥለው ደግሞ ከሦስተኛው የመጣ ሲሆን፣ ከጸሐፊዎቹም ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ዐይን ለዐይን ተያይተው የማያውቁ፣ ለድካማቸውም ደመወዝ የማይቈረጥላቸው ሰዎች ናቸው። ኮዱ ክፍት ምንጭ ስለ ሆነ ማንም እንዲያነበው ተፈቅዷል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። የታደሰው በደረሰ ጊዜ ከትናንቱ በምን እንደ ተለየ አንብቦ «ይግባ» ወይም «ይቈይ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ሥራ በየትኛው ጥፋት ምክንያት እንደ ጠነከረ፣ ዛሬም የት ላይ እንደሚደክም መተረክ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሌሎች በጻፉት ኮድ የልጆቻችንን የክትባት ቁጥር የምንቈጥር እኛ ይህን ታሪክ ሳናውቅ መቅረታችን ደግ አይደለምና።

የመጽሐፍን ቅጂ ከእናቱ ጋራ ማመሳከር በአገራችን የቈየ ሥርዐት ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ፣ መቃ ብርዑን ቀርፆ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ አንድ ወንጌል ወይም አንድ ዳዊት ከፈጸመ በኋላ፣ ሥራው ከተቀዳበት መጽሐፍ ጋራ ይተያያል፤ የተዘለለ ቃል በተገኘ ጊዜ በመሥመሩ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጨመራል ወይም ምልክት ተደርጎለት በኅዳጉ ይጻፋል፤ የተሳሳተውም ተፍቆ ይታረማል። በየገዳማቱ የሚገኙትን ብራናዎች የገለጠ ሰው ይህን ሁሉ ፍቀትና ጭማሪ በዐይኑ ያየዋል። የአንድምታ መምህራን ደግሞ በቅጂዎች መካከል ልዩነት ባገኙ ጊዜ አንዱን ሸሽገው ሌላውን አላስተማሩም፤ «አብነት» ብለው ሁለተኛውን ንባብ ከፊተኛው አጠገብ አኖሩት እንጂ፤ ተማሪውም መጽሐፉ የት የት ላይ እንደሚለያይ እያወቀ ያድግ ነበር። የርስትና የጕልት ውል በወንጌል ገጽ ላይ መጻፉም ከዚሁ ጋራ ይያያዛል፤ ያ መጽሐፍ በብዙ ዐይን ፊት የሚከፈት፣ በግዝትም የሚጠበቅ ስለ ሆነ አንዲት ቃል ብትፋቅ የሚያይ አይጠፋም ነበርና። የኮድ ምርመራ ከዚህ የሚለየው ከሁሉ በላይ በፍጥነቱ ነው፤ ወንጌሉ አንድ ጊዜ ከታረመ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ኮዱ ግን ዛሬ ታርሞ በሳምንቱ ሌላ ሆኖ ይመጣል።

በኮምፒዩተር ዓለም ይህን ጭንቀት ገልጦ ከተናገሩት ዋነኛው ኬን ቶምሰን ነው። ዩኒክስን ከዴኒስ ሪቺ ጋራ የፈጠረው ይህ አሜሪካዊ፣ ስለ ተሰጠው የቱሪንግ ሽልማት ባዘጋጀውና በ1976 ዓ.ም. ክረምት በታተመው ንግግሩ፣ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጕመውን ኮምፓይለር አስቀድሞ የበከለ ሰው በመግቢያው ፕሮግራም ላይ ስውር በር ሊያኖር እንደሚችል፣ ይህንም ሲያደርግ የኮምፓይለሩ ኮድ ንጹሕ ሆኖ እየተነበበ ብክለቱ ግን ከእትም ወደ እትም እንዲወራረስ ማድረግ እንደሚቻለው፣ ደረጃ በደረጃ አስረዳ። ከዚህ የደረሰበትም ፍርድ ከባድ ነበር፤ ሰው ሙሉ በሙሉ ራሱ ያልጻፈውን ኮድ ሊያምነው እንደማይችል አስታወቀ። በዚያው ዓመት በ1976 ዓ.ም. መስከረም ሪቻርድ ስቶልማን ሶፍትዌር ሁሉ የሚነበብ፣ የሚለወጥና ለባልንጀራ የሚካፈል እንዲሆን ግኑ የተባለውን ሥራ አውጆ ነበር። አንዱ ሁሉ ይነበብ አለ፤ ሌላው ማንበብም ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1983 ዓ.ም. ነሐሴ ሊኑክስ የተባለውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ማለት ከርነል፣ ባስተዋወቀ ጊዜ፣ ኢያን መርዶክም ከሁለት ዓመት በኋላ በሊኑክስ ላይ የቆመውን ደቢያንን በመሠረተ ጊዜ፣ ሥራው ከነዚህ ከሁለቱ ቃላት መካከል መንገድ መፈለግ ነበር። ደቢያን ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ስሙ የታወቀ ጠባቂ መደበለት፤ ያልታወቀ ሰው ኮድ በቀጥታ ወደ ሕዝብ እንዳይደርስ በመካከል የቆመ ሰው ማለት ነው።

በጥቅምት 1996 ዓ.ም. በሊኑክስ ላይ የተሞከረውን ተንኰል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዚያ ዘመን የከርነሉ ዋና ኮድ ቢትኪፐር በሚባል መዝገብ ይጠበቅ ነበር፤ ቢትኪፐርን መጠቀም ላልወደዱ ፕሮግራመሮች ደግሞ ሲቪኤስ በሚባል ሌላ መዝገብ ቅጂው ይቀመጥላቸው ነበር። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቅጂው ወዳለበት ሰርቨር ሰብሮ ገባና ሁለት መሥመር ጨመረ። መሥመሮቹ ፈጥኖ ለሚያልፍ አንባቢ ተራ ጥንቃቄ ይመስላሉ፤ ጠሪው እነዚህን ሁለት አማራጮች በአንድነት ከሰጠ፣ የተጠቃሚውም ቁጥር ዜሮ ከሆነ፣ ስሕተት ነው ብለህ መልስ የሚሉ ናቸው። ዜሮ በሊኑክስ የባለ ሙሉ ሥልጣኑ ቁጥር ነው። በሲ ቋንቋ «እኩል ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ የእኩል ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጻፍ ግን ጥያቄነቱ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል፣ «ዜሮ አድርገው» ማለት ነው። ሰብሮ የገባው ሰው የጻፈው አንዱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ያንን ጥሪ በዚያ መልክ የሚጠራ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ወዲያውኑ የማሽኑ ጌታ ይሆን ነበር።

የቢትኪፐር ባለቤት ላሪ ማክቮይ ነገሩን የያዘው በቅጂው ላይ የተገኘው ለውጥ በእናት መዝገቡ ውስጥ ምንጭ እንደሌለው ስላየ ነው። የገዳሙ አራሚ ከሚያደርገው ጋራ አንድ ዐይነት ሥራ ነው፤ ቅጂውን ከእናቱ ጋራ አስተያየው፣ በእናቱ የሌለም በቅጂው ተገኘ። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ በመጋቢት መጨረሻ 1997 ዓ.ም.፣ ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን አዲስ የኮድ መዝገብ በሠራ ጊዜ ይህ ማመሳከር በመሣሪያው ባሕርይ ውስጥ ገባ፤ በጊት የተመዘገበ እያንዳንዱ ለውጥ ከራሱ ይዘትና ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ አለው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የተጻፈች አንዲት ፊደል ብትነካ ከእርሷ ወዲህ ያለው መለያ ሁሉ ይለወጣል። ይህ ለመርማሪዎች የተሰጠ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን መለያው የሚመሰክረው ለውጡ ያልተነካ መሆኑን ብቻ ነው፤ ለውጡ ደግ ይሁን ክፉ የሚለውን አሁንም የሰው ዐይን ይፈርዳል።

የሰው ዐይንም በቅንነት ሊስት ይችላል። በ1999 ዓ.ም. መባቻ ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የምሥጢር ቁልፍ ላይብረሪ በደቢያን ያለው ጠባቂ፣ የኮድን ስሕተት የሚፈልግ አንድ መሣሪያ ስለ አንድ መሥመር ደጋግሞ ማስጠንቀቂያ ስላወጣ፣ ያንኑ መሥመር ማስወገድ ይሻላል ብሎ አሰበ፤ አስቀድሞም ለኦፕን ኤስኤስኤል ሰዎች ሐሳቡን ገልጦ ጠይቆ ነበር፤ ከባድ ተቃውሞም አልመጣበትም። ያ መሥመር ግን ምሥጢራዊ ቁልፍ በሚሠራበት ጊዜ የማይገመተውን ዕጣ የሚያቀብል ነበር። ከተወገደ በኋላ ቁልፎቹ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ቁጥር ላይ ተመሠረቱ፤ ለአንድ ዐይነት ቁልፍም ሊወጡ የሚችሉት መልኮች ከ32,768 የማይበልጡ ሆኑ፤ ይህም አንድ ኮምፒዩተር በአጭር ጊዜ ሞክሮ የሚጨርሰው ነው። ነገሩ በአርጀንቲናዊው በሉቺያኖ ቤሎ ተገኝቶ በግንቦት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በደቢያንና ከእርሱ በተወለደው በኡቡንቱ የተሠሩ ቁልፎች እንደ ክፍት በር ነበሩ። እኔ ይህን ታሪክ ከተንኰለኞቹ ታሪክ አብልጬ እመዝነዋለሁ። መርማሪው ነበረ፣ አንብቧል፣ ጠይቋልም፤ የጐደለው ያ ትርፍ የሚመስል መሥመር ለምን እንደ ተጻፈ ማወቅ ነው።

ትርፍ መስሎ የሚታይ ነገር በእኛም ፊደል ውስጥ አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በአንድ በር አልነበረም፤ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የተባሉት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የራሳቸውን ቁጥር ስለ ሰጡ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህንም በየመሥሪያ ቤቱ የነበረ ጸሐፊ ሁሉ ያስታውሰዋል። በዚያ ዘመን በውጭ አገር ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመላላክ የሚያስችለውን ሴራ የተባለ ሥርዐት አዘጋጁ፤ ዳንኤል ያዕቆብም ፊደሉን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚመልሱ ሞጁሎችን ለፐርል ቋንቋ ሠርቶ ሲፓን በሚባለው የጋራ ግምጃ አኖረ፤ ብርሃኑ በየነም ከጀርመናውያን ባልደረቦቹ ጋራ ላቴክ ለሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ኢትዮፕ የተባለውን ፓኬጅ አበረከተ። ከዚያ በኋላ፣ 1991 ዓ.ም. ተፈጽሞ 1992 በሚብትበት ወር፣ የዩኒኮድ 3.0 እትም ወጣና ለግዕዝ 345 ምልክቶች የጋራ ቁጥር ተሰጣቸው።

ከነዚያ መካከል ከጘ ጀምሮ እስከ ጞ ያሉት ይገኛሉ። አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ጘ የማያስፈልግ የገ ድግግሞሽ ይመስለዋል፤ ለግምጃ ቤት ልጅ ግን በአዊኛ፣ በጕሮሮ ጥግ ተፈጥሮ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል ነው። በአዊ ዞን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በአዊኛ ስለሚማር፣ ይህ ፊደል በፎንቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩ የመማሪያ መጽሐፍ መታተም አለመታተም ጕዳይ ነው። እንግዲህ የአንድ ክፍት ምንጭ ፎንት ወይም ኪቦርድ ጠባቂ ፋይሉን ለማቅለል ብሎ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ይህን ተርታ ቢያስወግድ፣ ማሻሻያው አዲስ አበባ ላይ ያለ ነቀፋ ያልፋል፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ እንደ ቀድሞው ይታያልና። ጕድለቱን የሚያየው አዊኛ የሚጽፍ መርማሪ ብቻ ነው። መታመን የሚገባው ማሻሻያ ከሌባ የጸዳው ብቻ አይደለም፤ የሚጠቀሙበትን ሰዎች ሁሉ የሚያውቅ ሰው ያየውም መሆን አለበት።

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ደግሞ ከብዛት የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የተጀመረው ኤንፒኤም የጃቫስክሪፕትን ፓኬጆች በአንድ ትእዛዝ የሚያወርድ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራመሮች ትንሹንም ትልቁንም ከዚያ መበደር ለመዱ፤ አንድ ፓኬጅ የጠራ ሰው ሳያውቀው መቶ ሌሎችን ይዞ ይገባል። በመጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር በስም ክርክር ተቈጥቶ ፓኬጆቹን ሁሉ ባነሣ ጊዜ፣ ከነሱ መካከል ሌፍት ፓድ የምትባል፣ በቃል ግራ በኩል ባዶ ቦታ ከመጨመር በቀር ሥራ የሌላት የ11 መሥመር ኮድ ነበረች፤ በእርሷ ላይ የተመረኰዙ እጅግ ብዙ ታላላቅ ሥራዎች በዚያው ሰዓት ቆሙ። ኤንፒኤምም ፓኬጂቱን ራሱ ለመመለስ ተገደደ።

ከሁለት ዓመት ተመንፈቅ በኋላ የሆነው ግን የባሰ ነበር። ኢቨንት ስትሪም የተባለውን፣ በሳምንት ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚወርደውን ፓኬጅ የጻፈው ዶሚኒክ ታር፣ ራሱ የማይጠቀምበትን ሥራ ያለ ዋጋ መጠበቅ ሰልችቶት ሳለ፣ ልርዳህ ብሎ በኢሜይል ለጻፈለት የማያውቀው ሰው ጠባቂነቱን አስረከበ። አዲሱ ጠባቂ ጥቂት ደኅና ሥራ ካሳየ በኋላ ሌላ ትንሽ ፓኬጅ ጨመረ፤ በዚያችም ውስጥ ኮፔይ ከሚባለው የቢትኮይን ቦርሳ ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ ተሰውሮ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. እስኪጋለጥ ድረስ ማሻሻያውን የተቀበሉት ሁሉ የተቀበሉት የቀድሞውን ስም አምነው ነው። ከዚያ ወዲህ ብልኅ መርማሪ ኮዱን ከማንበቡ በፊት እጁ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ስሙ ያው ሆኖ ሹሙ ተለውጦ እንደ ሆነ።

በቀጥታ እኛን የነካው የሎግ ፎር ጄ ነገር ነው። ሎግ ፎር ጄ በጃቫ የተጻፉ ሶፍትዌሮች የውሏቸውን መዝገብ የሚይዙበት ላይብረሪ ነው፤ በአፓቼ ማኅበር ሥር ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁታል። በኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ እንደ ታወቀው፣ ላይብረሪው ሊመዘግበው የተቀበለውን ቃል እንደ ትእዛዝ የሚያነብበት ቀዳዳ ነበረው፤ ተንኰለኛ ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር ልኮ ሩቅ ካለ ሰርቨር ኮድ እንዲያወርድና እንዲያስኬድ ሊያደርገው ይችል ነበር። ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ፣ ሎግ ፎር ጄንም የሚጠቀም ስለ ሆነ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥርዐቱን የሚሠራው ቡድን ለየእትሙ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፤ አገራችንም ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና መረጃዋን በዚህ ሥርዐት ስለምትሰበስብ፣ በፈቃደኞች ቤት የተገኘው ቀዳዳ እስከ ወረዳ የሚደርስ ጕዳይ ሆነ። ከዚህ ታሪክ ለመርማሪ እጅግ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን የወጣው 2.15.0 እትም በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ 2.16.0 ተከተለ፤ እርሱም ሌላ ጕድለት ስለ ተገኘበት 2.17.0 መጣ፤ ታኅሣሥም ሳይፈጸም 2.17.1 ወጣ። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ «አሁኑኑ አድሱ» የሚል ዐዋጅ በመጣ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይመለከት አድሶ የተቀመጠውም፣ ፈርቶ ያልነካውም ለአደጋ ተጋለጠ፤ የዳነው እያንዳንዱ እትም ምን እንደ ዘጋና ምን እንዳልዘጋ አንብቦ የሄደው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚረቀው ወደ ኤክስዜድ እመጣለሁ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ መሣሪያ ነው፤ በሊኑክስ ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ፊንላንዳዊው ላሴ ኮሊን ለብዙ ዓመታት በትርፍ ጊዜው ብቻውን ጠብቆታል። በ2014 ዓ.ም. ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ጠቃሚ ለውጦችን ይልክለት ጀመር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ተነሥተው ጠባቂው ዘገምተኛ ነው፣ ሥራውን ለሌላ ያስረክብ እያሉ ያስጨንቁት ነበር፤ ኮሊንም ጤናው እንደ ታወከ፣ ሥራውም ያለ ክፍያ የሚሠራው እንደ ሆነ በትሕትና መለሰ። ከዚያ በኋላ ጂያ ታን ቀስ በቀስ ተባባሪ ጠባቂ ሆነ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባወጣው በ5.6.0 እትም፣ ቀጥሎም በ5.6.1፣ ወደ ሰርቨር ከሩቅ የሚገባበትን የኤስኤስኤች በር የሚከፍት ስውር ኮድ አስገባ።

ጥበቡ በአቀማመጡ ላይ ነው። ስውሩ ኮድ በምንጩ ጽሑፍ መካከል አልነበረም፤ መሣሪያው የተበላሹ ፋይሎችን መለየት አለመለየቱን ለመፈተን ተብለው በተቀመጡ፣ ሰው ሊያነባቸው በማይችል የታመቁ ፋይሎች ውስጥ ነበር። እነሱን ፈትቶ ወደ ሥራ የሚያስገባው ትእዛዝ ደግሞ በጊት ላይ በሚታየው መዝገብ አልተገኘም፤ ለሕዝብ ታሽጎ በሚወርደው ጥቅል ውስጥ ብቻ ተጨምሮ ነበር። ስለዚህ የጊቱን ለውጥ ሁሉ በትጋት ያነበበ መርማሪ ምንም ባላገኘ ነበር፤ ሰው የሚያነበው አንድ፣ ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው ሌላ ነበርና። ቶምሰን ከአርባ ዓመት በፊት ያስፈራው ነገር በሌላ መልክ ተፈጸመ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ፕሮግራመር ነው፤ የራሱን ሥራ ፍጥነት ሲለካ የኤስኤስኤች መግቢያ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደ ዘገየ አየ፣ ምክንያቱን ሳያገኝም አልተኛም፤ በመጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሁሉ አስታወቀ። ብክለቱ በአብዛኛው ወደ ደቢያንና ወደ ፌዶራ የሙከራ እትሞች ብቻ ደርሶ ነበር፤ ወደ ጸናው እትም ሳይሻገር ተያዘ። ይህ ሰው ለዓለም ያደረገው ውለታ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

ከነዚህ ጥፋቶች ሁሉ ዛሬ በደኅና ቤቶች የሚሠራበት የምርመራ ልማድ ተወለደ። አዲስ እትም ሲመጣ መርማሪው የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት ያወጣል፤ የሚያወጣውም ከጊቱ መዝገብ ብቻ ሳይሆን በእውነት ከሚወርደው ጥቅል ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በዚያው ይቆማል። ቀጥሎ ሲጫን ራሱን የሚያስኬድ አዲስ ስክሪፕት ተጨምሮ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ ከማንም ጋራ የማይነጋገር ኮድ አሁን ወደ ኢንተርኔት የሚደውል እንደ ሆነ፣ የማይነበብ ፋይል ወይም ያልተጠበቀ አዲስ ላይብረሪ ገብቶ እንደ ሆነ ያያል። የተቀበለውን እትም ከነመለያው በመቈለፊያ ፋይል ይመዘግባል፤ ሌላው ኮምፒዩተር ከዚያ የተለየ እንዳይቀበል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የደቢያን ሰዎች አንድ ኮድ በማንኛውም ቦታ ሲገነባ ፊደል በፊደል ያንኑ ውጤት እንዲሰጥ ደክመዋል፤ ይህ ከሠመረ ሁለት ሰዎች በየቤታቸው ገንብተው ማመሳከር ይችላሉ። ሞዚላ ደግሞ ካርጎ ቬት በሚባለው መሣሪያው አንዱ ድርጅት አንብቦ የመሰከረለትን ለውጥ ሌላው ምስክርነቱን እንዲዋስ አድርጓል፤ ምስክሩም ኮዱን በገዛ ማሽን ማስኬድ የማያሰጋ መሆኑንና ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል የማያሰጋ መሆኑን ለይቶ ይጽፋል። ሁለቱን መለየታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው።

መቈየትም ከምርመራ ይቈጠራል። በጳጕሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ የኤንፒኤም ጠባቂ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እንዲያድስ የሚያዝ ሐሰተኛ ኢሜይል ደርሶት ተታለለና፣ በሳምንት በጠቅላላው ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ 18 ፓኬጆች ተበከሉ፤ ነገሩ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታውቆ የተበከሉት እትሞች ተነሡ። አዲስ እትም ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀን ሳይሞላው የማይቀበል ቤት በዚያ ቀን ምንም አልደረሰበትም። እርግጥ ሁሉ ቢቈይ የሚያየው ሰው አይኖርም፤ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያም ሲዘገይ በሩን ክፍት አድርጎ መቈየት ነው። ስለዚህ አንዱን የሚያስቈይ፣ ሌላውን ግን በዚያው ሌሊት የሚያስገባ ፍርድ ያስፈልጋል፤ ይህንም ፍርድ የሚሰጠው ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥርዐቶችን ይመረምራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ተሠርቶ የቆመን ሥርዐት በአንድ ቀን መመርመርና በውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች በየሳምንቱ እየተከተሉ ማንበብ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ባለቤት ያስፈልገዋል። የዓለምን ኮድ ሁሉ እኛ እናንብብ ማለት ከንቱ ነው። የእኛን ፊደል፣ የእኛን ቋንቋና የእኛን ዘመን አቈጣጠር የሚነኩትን ጥቂት ፓኬጆች ግን ከእኛ በተሻለ የሚያነብ የለም፤ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአዊ ልጅ የአንድን ፎንት ማሻሻያ ከፍቶ ከጘ እስከ ጞ ያሉትን ማየት ለእርሱ ቀላል ነው፤ በኦስሎ ላለው ግን የማይታሰብ ነው።

ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን ቀን የሚቈጥርበት ስሌት ጆዳ ታይም ከተባለ ክፍት ምንጭ ላይብረሪ የተዋሰው ነው። ያን ላይብረሪ ወይም በእርሱ ፈንታ የሚመጣውን የሚያድስ ሰው ዐሥራ ሦስት ወር ያለውን ዓመት ከመጽሐፍ ያውቀው ይሆናል፤ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ግን ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጕሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን ያለ ወረቀት ይናገራል። የሚቀጥለው ጳጕሜን 6 ቅዳሜ በ2019 ዓ.ም. ይውላል። ማሻሻያው በደረሰ ጊዜ መርማሪው አስቀድሞ በጳጕሜን 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ሪፖርት ለማስገባት ይሞክር፤ ያ ቀን ስለሌለ ሥርዐቱ እንቢ ማለት አለበት። ከዚያም በጳጕሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ያስገባና አንድ ቀን ይጨምር፤ የሚወጣው እሑድ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ካልሆነ፣ ላኪው የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ማሻሻያውን ከነምክንያቱ ወደ ጸሐፊው ይመልሰው።